ፒቪዋትስ፦ ሶላር ሻጭ ዘንድ ከመሄዳችሁ በፊት የምትከፍቱት ማስያ

አዳማ ውስጥ ጫጩት አስፈልፍዬ እሸጣለሁ። ይህ ሥራ ያለ መብራት አይታሰብም። የዶሮ እንቁላል 21 ቀን ይፈልጋል፤ የማሽኑ ሙቀትም 37.5 ዲግሪ አካባቢ መቆየት አለበት። መብራት ሄድ ብሎ ቶሎ ሲመለስ እንቁላሉ ይችለዋል። ሰዓታት ሲቆይ ግን ጉዳቱን የምታዩት መፈልፈያው ቀን ሲደርስ ነው። ብዙው ሳይፈለፈል ይቀራል፤ የወጣውም ጫጩት እግሩ አይጸናም። ጄነሬተር አለኝ፤ ግን ለቤንዚን መሰለፍ ራሱ ሌላ ሥራ ሆነብኝ።

ስለዚህ ሶላር ለማስገባት ወሰንኩ። ዛሬ የምጽፈው ግን ስለ ፓኔሉ አይደለም። ከመግዛቴ በፊት ስለተጠቀምኩበት፣ እስካሁንም ስለምከፍተው ነጻ የኢንተርኔት ማስያ ነው። ስሙ ፒቪዋትስ ነው። ጣሪያችሁ ላይ ይህን ያህል ፓኔል ብትሰቅሉ በየወሩ ይህን ያህል ኃይል ታገኛላችሁ ብሎ ይነግራችኋል። የሠራው የአሜሪካ ብሔራዊ የታዳሽ ኃይል ላቦራቶሪ ነው፤ በምህጻሩ ኤንሬል ይሉት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2025 መጨረሻ ስሙ ተቀይሯል። ገጹ ምዝገባ አይጠይቅም፣ ገንዘብ አይጠይቅም፣ ስልክ ቁጥራችሁንም አይፈልግም።

ይህ የመጨረሻው ነገር ቀላል እንዳይመስላችሁ። ሶላር ልትገዙ ስትነሱ መረጃ የሚሰጣችሁ ሰው ሁሉ የሚሸጥላችሁ ዕቃ አለው። እኔ ዋጋ ሳጠያይቅ አንዱ ሻጭ እንዲህ አለኝ፦ «እህቴ፣ 3 ኪሎዋት ካስገባሽ በቀን 30 ኪሎዋት ሰዓት ታገኛለሽ።» እንዴት ብዬ ብጠይቀው «አዳማ ፀሐይ በቀን 10 ሰዓት ትመታለች፤ 3 በ10 ሲባዛ 30 ነው» አለ። ሌላው 20 አለኝ። ሦስተኛው ቁጥር መጥራት አልፈለገም፤ «አይዞሽ፣ ይበቃሻል» ብቻ ነው ያለኝ። በእነዚህ ሦስት መልሶች መካከል ያለው ልዩነት ለእኔ የአንድ ዙር ጫጩት ጉዳይ ነው።

ማስያውን ያሳየኝ የእህቴ ልጅ ነው። አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ኤሌክትሪካል ይማራል። ቅዳሜ ምሳ ሊበላ መጥቶ የሻጮቹን ነገር ስነግረው «አክስቴ፣ ይህን እኮ ራስሽ ማስላት ትችያለሽ» አለና ስልኬን ተቀበለኝ።

አጠቃቀሙ አያስቸግርም። መጀመሪያ የከተማችሁን ስም በእንግሊዝኛ ፊደል ትጽፋላችሁ። ካርታ ይመጣል፤ ቦታችሁን ታረጋግጣላችሁ። ቀጥሎ ስንት ኪሎዋት ፓኔል እንደምታስቡ፣ የፓኔሉን ዓይነት፣ ጣሪያ ላይ ይሁን መሬት ላይ፣ ስንት ዲግሪ ያዘነበለ እንደሆነና ወደ የት እንደዞረ ትሞላላችሁ። ስንት ፓኔል እንደሚይዝላችሁ ካላወቃችሁ በሳተላይት ምስሉ ላይ ጣሪያችሁን በጣታችሁ ከባችሁ መጠኑን እንዲገምትላችሁ ማድረግ ትችላላችሁ። መጨረሻ ላይ 12 ወር የተደረደረበት ሰንጠረዥና የዓመቱ ድምር ይወጣል። ወራቱ በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሆኑ ጁላይ የሚለውን ከሰኔ መጨረሻ እስከ ሐምሌ መጨረሻ ገደማ ብላችሁ አንብቡት። በዶላር የሚያወራውን ክፍል ዝለሉት፤ ለእኛ አይሠራም።

ለ3 ኪሎዋት ሞላሁ። የዓመቱን ድምር ለቀናት ሳካፍለው በቀን ወደ 14 ኪሎዋት ሰዓት መጣ። ሻጩ ካለው ግማሽ እንኳ አይሞላም።

የት ሄደ ቀሪው? ማስያውን የወደድኩት ለዚህ ጥያቄ መልስ ስላለው ነው። ፓኔል ላይ የሚጻፈው ዋት የሚለካው ፋብሪካ ውስጥ ነው፤ በአንድ ካሬ ሜትር 1,000 ዋት ብርሃን እየወረደበት፣ የፓኔሉም ሙቀት 25 ዲግሪ ሆኖ። አዳማ ላይ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ያለችው ፀሐይ ያን ያህል ጉልበት የላትም፤ አመሻሹም እንደዚያው። ከጠዋት እስከ ማታ የሚወርደው ብርሃን ቢሰበሰብ በዓመት አማካይ ወደ 6 ሰዓት የሚጠጋ ሙሉ ፀሐይ ይሆናል እንጂ 10 አይሆንም። በዚያ ላይ ቀትር ላይ ፓኔሉ 25 ዲግሪ ላይ አይቆይም። ቆርቆሮ ላይ የተሰቀለ ፓኔል እጅ ያቃጥላል፤ ሲሞቅ ደግሞ የሚያመነጨው ይቀንሳል። ሰው ሙቀት በበዛ ቁጥር ሶላር የሚበረታ ይመስለዋል። ፓኔል የሚፈልገው ብርሃን ነው፤ ሙቀቱ ይጎዳዋል።

ከዚያ ኪሳራ የሚል መስመር አለ። ማስያው ራሱ 14.08 በመቶ ብሎ ሞልቶ ይጠብቃችኋል። ብዙ ሰው ያልፈዋል። እናንተ እንዳታልፉት፤ አጠገቡ ያለውን ዝርዝር ክፈቱት። ለቆሻሻ 2 በመቶ፣ ለጥላ 3፣ ለሽቦ 2፣ ፓኔሎቹ እርስ በርስ ባለመመጣጠናቸው 2፣ ለመገናኛዎች ግማሽ፣ ብልሽት ሲኖር ለሚቆምበት ጊዜ 3 እያለ ይዘረዝራል። በረዶ የሚል መስመርም አለ፤ ዜሮ ነው፣ ዜሮውን ተዉት። የእህቴ ልጅ እኔ ያልጠቀስኳቸውን ትንንሽ መስመሮችም ጨምሮ ዝርዝሩን በካልኩሌተር ሲደምረው 15 መጣለት። ማስያው ግን 14.08 ይላል። ስህተት አይደለም። የመጀመሪያው ኪሳራ ከ100 ላይ 2 ሲወስድ ቀጣዩ የሚወስደው ከተረፈው 98 ላይ ነው፤ የሚቀጥለውም ከዚያ ከተረፈው። እየተባዛ ስለሚሄድ ከድምሩ ትንሽ ያንሳል። እኔ ይህን ሳይ ደስ አለኝ። የሚደብቀው ነገር የለም ማለት ነው፤ እያንዳንዱን ቁጥር እኔው መለወጥ እችላለሁ።

ለወጥኩትም። የአዳማን አቧራ የሚያውቅ ሰው ለቆሻሻ 2 በመቶ ብሎ አይተወውም። ከበጋው አጋማሽ ጀምሮ ነፋሱ ሲነሳ ጠዋት የተወለወለ ጠረጴዛ ከሰዓት ላይ ስም ይጻፍበታል። ከጣሪያዬ ላይ የንፋስ ተርባይኖቹ ይታያሉ። አዳማ አንድ ላይ 51 ሜጋዋት፣ አዳማ ሁለት ላይ 153 ሜጋዋት የተተከለው ይህ ነፋስ ስላለ ነው። ለእነሱ ሲሳይ የሆነው ነፋስ ለእኔ ፓኔል አቧራ ይዞ ይመጣል። ቆሻሻውን ከ2 ወደ 7 ሳደርገው ጠቅላላ ኪሳራው 18.46 ሆነ። ይህ እንግዲህ ፓኔሉን ችላ ብል የሚያስከፍለኝ ነው። አሁን ጠዋት ፓኔሉ ሳይሞቅ በውሃና በለስላሳ ጨርቅ አስጠርገዋለሁ። ቀትር ላይ በጋለ መስታወት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ማፍሰስ አይመከርም፤ ሊሰነጠቅ ይችላል።

ዕድሜ የሚለው መስመርም ዜሮ ነው፤ አዲስ ዕቃ ነው ብሎ ስለሚነሳ። የእርጅናውን ነገር ለማወቅ ሌላ ቦታ መሄድ አያስፈልግም። የዚሁ ላቦራቶሪ ተመራማሪዎች ከልዩ ልዩ ሀገር የተሰበሰቡ ወደ 2,000 የሚጠጉ ልኬቶችን አይተው ነበር። ፓኔል በዓመት የሚደክመው በተለምዶ ግማሽ በመቶ አካባቢ ነው ብለው ጽፈዋል። ስለዚህ ዕድሜ ላይ 5 ብዬ ሞላሁ። ይህ የ10 ዓመት ፓኔል ነው። በ10ኛውም ዓመት ለማሽኖቼ የሚበቃ ካልሆነ ዛሬ አልገዛውም።

እዚህ ላይ ከማስያው ጀርባ ስላሉት ሰዎች ጥቂት ልበል። ቁጥሩን ያመንኩት በእነሱ ነውና።

እ.ኤ.አ. በ1973 የነዳጅ ዋጋ በዓለም ላይ ሲሰቀል ብዙ ሀገር ተናወጠ። እኛም ጋ ደርሷል። በእኛ አቆጣጠር በየካቲት 1966 የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች ሥራ ያቆሙት የቤንዚን ዋጋ ስለጨመረ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። አሜሪካኖች በበኩላቸው ለድንጋጤው መልስ ካደረጓቸው ነገሮች አንዱ የፀሐይ ኃይል ምርምር ተቋም መክፈት ነበር። ተቋሙ በ1977 (ይህም ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በፈረንጅ ናቸው) ጎልደን በምትባል የኮሎራዶ ከተማ ሥራ ጀመረ። አልጋ በአልጋ አልሆነለትም። በ1980ዎቹ መጀመሪያ መንግሥት ሲቀየር በጀቱ ክፉኛ ተቆረጠ። ግን አልተዘጋም። በ1991 ብሔራዊ ላቦራቶሪ ተብሎ ከፍ አለ።

ይህን ቤት ከ2005 እስከ 2015 የመሩት ዶክተር ዳን አርቪዙ ናቸው። የእህቴ ልጅ ስለ እሳቸው ሲያወራ ዓይኑ ይበራል፤ መሆን የሚፈልገው እንደዚያ ነው። ሜካኒካል መሐንዲስ ናቸው። የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን ከኒው ሜክሲኮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ፣ ማስተርሳቸውንና ዶክትሬታቸውን ከስታንፎርድ አገኙ። ሥራ የጀመሩት ቤል ላብስ በሚባል የምርምር ቤት ነው። በ1977፣ ጎልደን ላይ ያ ተቋም በተከፈተበት በዚያው ዓመት፣ እሳቸው ሳንዲያ ብሔራዊ ላቦራቶሪ ገቡ። ሳንዲያ በይበልጥ የሚታወቀው በኑክሌር መሣሪያ ሥራ ቢሆንም የፀሐይ ኃይል ምርምርም አለው፤ የእሳቸው የመጀመሪያ ዓመታት ያለፉት በዚሁ በፀሐይ ነው። ሁለት አሥርት ዓመት ያህል እዚያ ሠርተው ወደ አንድ ትልቅ የግል የምህንድስና ኩባንያ ሄዱ። ከዚያ ተመልሰው የኤንሬል ዳይሬክተር ሆኑ። ከላቲን አሜሪካ ዘር የሆነ ሰው የአሜሪካን ብሔራዊ ላቦራቶሪ ሲመራ እሳቸው የመጀመሪያው ናቸው። በ2011 የዓለም የአየር ንብረት ሳይንቲስቶች ቡድን፣ አይፒሲሲ የሚባለው፣ ስለ ታዳሽ ኃይል ልዩ ሪፖርት ሲያወጣ የፀሐይ ምዕራፉን በመሪነት ካዘጋጁት አንዱ ነበሩ።

ይህ ሁሉ አዳማ ላለች ጫጩት ሻጭ ምን ያደርግላታል? ያደርጋል። ፒቪዋትስ መጀመሪያ የወጣው በ1999 ነው፤ ያኔ አርቪዙ እዚያ አልነበሩም። በእሳቸው ጊዜ፣ በ2014፣ አምስተኛው ስሪት ወጣ። በድሮው ስሪት ማስያው ከፓኔሉ 100 እጅ 77ቱን ብቻ ነበር የሚቆጥረው። አዲሱ ላይ ኪሳራው 14 በመቶ፣ የኢንቨርተሩ፣ ማለትም የፓኔሉን ኃይል ለቤት ዕቃ ወደሚሆን መብራት የሚለውጠው ሳጥን፣ ብቃት 96 በመቶ ተባለ፤ አንድ ላይ ወደ 83 ይጠጋል። ለምን ለወጡት? የማስያውን ውጤት በትክክል ከተሰቀሉ ፓኔሎች ልኬት ጋር ሲያስተያዩት የድሮው ግምት ዝቅ ያለ ሆኖ ስላገኙት ነው። ዕቃውም እየተሻሻለ መጥቶ ነበር።

እኔ ከዚህ በላይ ማረጋገጫ አልፈልግም። ቁጥራቸውን ከልኬት ጋር አስተያይተው፣ ካልገጠመ ቁጥሩን ይለውጣሉ። ሻጭ ቁጥሩን የሚለውጠው ፊታችሁን አይቶ ነው። ሃያና ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሲለካ የኖረ ቤት፣ በጀቱ ሲቆረጥም መለካቱን ያልተወ ቤት፣ ያንን ሁሉ ልፋት በነጻ ስልኬ ላይ አስቀምጦልኛል። ምስጋና ይገባቸዋል። ስለዚህ ነው ይህን ረዘም አድርጌ የምጽፈው።

አሁን ወደ ጉድለቶቹ ልሂድ፤ አሉ።

ዋናው ባትሪ አለማስላቱ ነው። ፒቪዋትስ የተሠራው ከመብራት ኃይል መስመር ጋር ለተገናኘ ሶላር ነው። ፓኔሉ ያመነጨውን ሁሉ የሚቀበለው አለ ብሎ ነው የሚነሳው። እኛ ሶላር የምናስገባው ደግሞ በይበልጥ መብራት ስለሚሄድ ነው። እዚህ ላይ በጣም ተጠንቀቁ፤ ከመስመር ጋር ብቻ የሚሠራ ኢንቨርተር መብራት ሲሄድ አብሮ ይጠፋል። የተበላሸ እንዳይመስላችሁ፤ መስመር የሚጠግን ሠራተኛ በእናንተ ጣሪያ ኃይል እንዳይመታ ተብሎ ሆን ተብሎ ነው እንደዚያ የተሠራው። መብራት ሲሄድም የሚሠራላችሁ ከባትሪ ጋር የሚሄደው፣ ሃይብሪድ የሚሉት ዓይነት ነው። ይህን ሳይነግሩ የሚሸጡ አሉ። ሳትጠይቁ እንዳትከፍሉ።

ባትሪውን በወረቀት አሰላሁት። ማሽኖቼ ማታ በአማካይ 200 ዋት ይወስዳሉ። በ12 ሰዓት ሲባዛ 2.4 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ገበያ ላይ በብዛት ያለው ሊቲየም ባትሪ 51.2 ቮልት፣ 100 አምፒር ሰዓት ነው፤ ሁለቱ ሲባዙ 5.12 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። ባትሪውን እስከ ታች ሳላሟጥጠው ሌሊቱን ያሳድረኛል፤ በነጋታው ደመና ቢሆንም ለጥቂት ሰዓት ትርፍ አለኝ። ከዚያ ለማረጋገጥ ሌላ ማስያ ከፈትኩ፤ ፒቪጂአይኤስ ይባላል። የአውሮፓ ኅብረት የጋራ ምርምር ማዕከል፣ ጣሊያን ኢስፕራ ላይ ያለው፣ የሠራው ነው። አፍሪካን ይሸፍናል፤ እሱም ነጻ ነው። በቀን የምትጠቀሙትንና የባትሪያችሁን መጠን ስትነግሩት ከመቶ ቀን በስንቱ ባትሪው እንደሚሞላና በስንቱ ባዶ እንደሚሆን ይነግራችኋል። ለባትሪ ነገር ፒቪጂአይኤስ ይበልጣል። ኪሳራውን ዘርዝሮ በማሳየትና ለጀማሪ በመግባባት ግን ፒቪዋትስ ይሻለኛል። ሁለቱንም መጠቀም ነው።

ሁለተኛው የዝንባሌው ነገር ነው። ገጹን ስትከፍቱ ዝንባሌው 20 ዲግሪ፣ አቅጣጫው ወደ ደቡብ ተብሎ ተሞልቷል። ይህ ለአሜሪካ ጣሪያ የሚሄድ ነው። አዳማ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 8 ዲግሪ ተኩል ላይ ናት። ከሚያዝያ መጀመሪያ አንስቶ እስከ ነሐሴ ማብቂያ ድረስ ቀትር ላይ ፀሐይዋ በስተሰሜን ነው የምትሆነው፤ ግቢያችሁ ውስጥ ቆማችሁ ጥላችሁን ብታዩ ወደ ደቡብ ይወድቃል። ስለዚህ 20ውን ወደ 10 አውርዱት። ጨርሶ ጠፍጣፋ እንዳታደርጉት እንጂ፤ ትንሽ ካላዘነበለ ዝናብ አያጥበውም። እኔ ቤቴ ቆርቆሮው በሁለት በኩል ያዘነበለ ነው፤ ደቡቡ ጎን በውሃ ጋን ተይዟል። ወደ ሰሜን ቢሆንስ ብዬ አቅጣጫውን ለውጬ አየሁት። በ10 ዲግሪ ላይ ልዩነቱ የዓመቱን ጥቂት በመቶ ብቻ ነው። ሰሜኑ በደረቁ ወራት ያንሳል፤ በክረምቱ መግቢያ ደግሞ ይሻላል። አንድ ሻጭ «ወደ ደቡብ ካልሆነ አይሠራም፤ የብረት መቆሚያ ላሠራልሽ» ብሎኝ ነበር። የመቆሚያው ገንዘብ ባትሪው ላይ ዋለ።

ሦስተኛ፣ ጥላችሁን አያውቅላችሁም። 3 በመቶ ብሎ ይገምታል እንጂ ጎረቤታችሁ ምን እየገነባ እንደሆነ አያይም። አዳማ ላይ ደግሞ ትናንት ባዶ የነበረ ቦታ ዛሬ ፎቅ ነው። ጎረቤቴ ጋሼ፣ ጡረታ የወጡ የመብራት ሠራተኛ፣ ጠዋትና ከሰዓት ጣሪያው ላይ ወጥተው ጥላው የት የት እንደሚደርስ በኖራ አሰመሩልኝ። የዲሽ ጥላ እንኳ አንድ ፓኔል ላይ ሲያርፍ ተያይዘው የተሰካኩትን ሌሎቹንም ይጎትታቸዋል። ይህን ሥራ ማስያ አይሠራውም። ሰው መውጣት አለበት።

ሌላም አለ፤ ማስያው የሚሰጣችሁ የተለመደ ዓመትን ነው እንጂ የዘንድሮን ትንቢት አይደለም። ሰሪዎቹ ራሳቸው የአንድ ወር ውጤት እስከ 30 በመቶ፣ የዓመቱ እስከ 10 በመቶ ከፍ ዝቅ ሊል እንደሚችል ጽፈዋል። ደመና የበዛበት ሐምሌ ሲመጣ ማስያው ዋሸኝ እንዳትሉ። አማርኛም አፋን ኦሮሞም የለውም። ለኛ ሰው ትልቁ እንቅፋት ይህ ይመስለኛል፤ የዩኒቨርሲቲ ልጆች አንድ ገጽ መመሪያ ቢያዘጋጁለት ስንት ሰው ይጠቀም ነበር። የእህቴን ልጅ እየወተወትኩት ነው።

አሁን ፓኔሉ ተሰቅሏል፤ ይሠራልም። የኢንቨርተሩን መተግበሪያ ከፍቼ ከማስያው የወር ቁጥር ጋር አስተያያለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልብ በሉ፤ ባትሪው ከሞላና የሚጠቀም ዕቃ ከሌለ ኢንቨርተሩ ፓኔሉን ይገታዋል። ያኔ የሚታየው ቁጥር ከማስያው ያንሳል፤ ጥፋቱ የማንም አይደለም። እኔ ለማስተያየት የምጠቀመው የጫጩቶቹ ማሞቂያ ቀኑን ሙሉ የሚበራባቸውን ቀናት ነው። በእነዚያ ቀናት ፓኔሉ ከተጠረገ ማስያው ያለው አካባቢ ይደርሳል። አቧራ ሲይዘው ዝቅ ይላል፤ ሲታጠብ በማግስቱ ይመለሳል። ክረምት ላይ ወሩ ምን ያህል እንደሚወርድ አስቀድሜ ስላወቅሁ ሐምሌና ነሐሴ የማስገባውን እንቁላል አሳንሳለሁ። ማስያው በጣም የጠቀመኝ እዚህ ላይ ነው፤ ሥራዬን በወር በወር እንድከፍል አደረገኝ።

ከ5 ኮከብ 4 እሰጠዋለሁ። አንዷን የቀነስኩት በባትሪው ምክንያት ነው።

ለመግዛት ያሰባችሁ እንዲህ አድርጉ። ሰንጠረዡን ፖስታ ቤት አካባቢ ካሉት ማተሚያ ቤቶች በአንዱ አሳትሙት። ትንሹ ቁጥር ያለበትን ወር በእስክሪብቶ ክበቡት። ሻጩ ጋ ስትሄዱ የዓመቱን አማካይ ትታችሁ ስለዚያች ወር ጠይቁት። «ወንድሜ፣ በዚህ ወር በቀን ስንት ታስገኝልኛለህ? ደረሰኙ ላይ ጻፍልኝ» በሉት። ደህና ሻጭ ተቀምጦ አብሯችሁ ያሰላል። እኔ በመጨረሻ የገዛሁት ከእንደዚህ ዓይነቱ ነው፤ የራሱን ቁጥር አውጥቶ ከእኔው ወረቀት ጋር አስተያየው፤ በአንድ ኪሎዋት ሰዓት እንኳ አልተለያየንም።

ቤታችሁ ውስጥ የሚበራው ሁለት አምፖልና የስልክ ቻርጀር ብቻ ከሆነ ግን ይህ ሁሉ አያስፈልጋችሁም። ጥራቱ የተፈተሸ ትንሽ የሶላር ፋኖስ ይበቃችኋል። ካርቶኑ ላይ ዋስትናው የስንት ዓመት እንደሆነ አንብቡ፤ አበራሩን እዚያው ሱቅ ውስጥ አስሞክሩ።